ማዘር አሥረኛ ክፍል

እስቲ ጆሮ ስጡኝማ፣ የአንዲት ተማሪ ወግ ላውጋችሁ። ስሟን አልጠራም። ሰፈሯ ሽሮ ሜዳ ነው፤ አባቷ ሸማኔ ነበሩ። በ2001 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍል ነበረች። ያኔ አሥረኛ ማለት ማትሪክ ነው፤ ያለፈ መሰናዶ ይገባል፣ ያላለፈ ቴክኒክና ሙያ ይሞክራል፣ ያልተፈተነ ወረቀት አልባ ሆኖ ይቀራል። እሷ አልተፈተነችም። መንፈቁ ሳያልቅ አረገዘች፣ ዩኒፎርሙ ጠበባት፣ ቀረች። ምን ነካሽ ብሎ ደጃፏን የረገጠ አስተማሪ አልነበረም።

የዚያን ዘመን ትምህርት መቼም የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ። ፕላዝማ! ከ1997 ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል ትልቅ ቴሌቪዥን ተተክሎ ትምህርቱ በሳተላይት፣ ያውም በእንግሊዝኛ ይወርድ ነበር። የክፍለ ጊዜው አብዛኛው የቴሌቪዥኑ ነው፤ የመምህሩ ድርሻ ማብራትና ማጥፋት። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ከዚያ ማንም ትንፍሽ ሳይል «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። እሷም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበረች። ሒሳብ አንድም ቀን ሳይገባት «ቬሪ ጉድ» እየተባለች ከረመች።

ልጅቱን ወልዳ፣ ለእናቷ ትታ ቤሩት ሄደች። ስለዚያ ብዙ አታወራም፤ እኔም አልጨምርበትም። በ2012 የሊባኖስ ገንዘብ ሲንኮታኮት ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ እየጣሉ ሲሄዱ በዜና አይታችሁ ይሆናል። በዚያ ግርግር መሃል ነው የተመለሰችው።

አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ውስጥ በጽዳት ተቀጠረች። መዝገብ ቤቱን በየቀኑ ስለምትወለውል የትኛው ፋይል የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ከሁሉም ይበልጥ የምታውቀው እሷ ሆነች። ኃላፊው ራሱ ወረቀት ሲጠፋበት እሷን ይጠራል። ታዲያ አንድ ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ/ች» የሚል ወጣ። ጥያቄዋን ይዛ ኃላፊው ዘንድ ገባች። ሰውየው ሳቅ ብሎ «ሥራውንማ ታውቂዋለሽ፤ ማስረጃ አምጪና» አላት። የተማረ ይግደለኝ በተባለበት አገር ሌላ ምን ሊላት ነው?

እናም በአንዱ መስከረም፣ የዘጠነኛ ክፍል ካርዷን በላስቲክ ጠቅልላ ሰፈሯ ካለው ትምህርት ቤት ሄደች። የመዝጋቢው ልጅ ቀና ብሎ አያትና፣

«ልጅዎን ለማስመዝገብ ነው? የቀኑ ምዝገባ ጠዋት ነው።»

«የለም፣ እኔን ነው። የማታ።»

ልጁ ደንገጥ አለ፤ ካርዱን ተቀብሎ ያገላብጥ ጀመር። እሷ እንቅልፍ የነሳትን ጠየቀችው፤ ማትሪኩ መቼ ነው?

«የአሥረኛ ማትሪክ? እሱማ ከ2011 በኋላ ቀረ እኮ። አሁን ያለው የ12ኛው ነው።»

እናንተዬ፣ ደስ ሊላት ሲገባ ተናደደች! ቤሩት ሆና በሕልሟ እየተፈተነች ስንት ሌሊት ባንና የተነሳችበት ፈተና፣ እሷ ሳትፈተነው ቀረ።

ዘመድ ደግሞ ዝም አይልም። አንዱ የአክስቷ ልጅ የ2015ን ውጤት በቃሉ ይዞታል፤ ወደ 845 ሺህ ገደማ ተማሪ የ12ኛን ፈተና ወስዶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 27,267 ብቻ ነው። «ቀን ሙሉ የተማረው ከመቶ ሦስት ባለፈበት፣ አንቺ በማታ?» ይላታል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ሰውየው ግን ልክ አይመስለኝም። ማስታወቂያው ያለው «ያጠናቀቀ» ነው እንጂ ዩኒቨርሲቲ የገባ አላለም።

የማታ ትምህርት 11፡30 ይጀምራል። ቤተ መጻሕፍቱ የሚዘጋው በ11 ሰዓት ነው። ይህን ሰዓት ያወጣው ሰው የማታ ተማሪ መኖሩን ሰምቶ ያውቅ ይሆን? ላቦራቶሪውም እንደተቆለፈ ነው። ወንበሩ ላይ ጥበቃው፣ ረዳቱ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ከቀን የተባረረው ጎረምሳ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። እሷን «ማዘር» ይሏታል።

አንድ ምሽት ሎጋሪዝም ሲማሩ መብራት ጠፋ። መምህሩ የስልኩን ባትሪ ወደ ሰሌዳው አበራ። «ስንት አሥር እርስ በርሱ ቢባዛ ነው መቶ የሚሆነው?» ሁለት። «ሺህስ? ማዘር፣ አንቺ።» ዝም አለች። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። መምህሩ አላለፋትም፤ ባትሪውን እንደያዘ ቆመ። እሷ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ሺህን ጻፈችና ዜሮዎቹን አየች።

«መምህር፣ ዜሮውን መቁጠር ነው እንዴ?»

«መቶ ሺህ ስንት ይሆናል?»

«አምስት!» መቶ ሺህ ሊራ የያዘ እጅ ይህን እንዴት ይስታል?

መምህሩ ሳቀና ለሌሎቹ በዜሮ እየቆጠረ እንደገና አስረዳ። ከፊት የተቀመጠው ጥበቃ ዞሮ «ማዘር፣ ይህን ነገር ሰኞ ድገሚልኝ» አላት።

አሁን ሳልነግራችሁ የቆየሁትን ልንገራችሁ። ያቺ በሆዷ ሳለች ከትምህርት ያስቀረቻት ልጅ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ናት፤ እዚያው ትምህርት ቤት፣ በቀኑ። ቤት ውስጥ ያለው መጽሐፍ አንድ ነው፤ በየማታው ይጣሉበታል። የመንፈቁ ካርድ ሲሰጥ የእናትየውም ካርድ እንደማንኛውም «የወላጅ ፊርማና አስተያየት» የሚል ባዶ መስመር ነበረው። የራሷ እናት ግን ማንበብ አይችሉም። ልጅቱ ካርዱን ተቀብላ ፈረመች፤ አስተያየቱንም ጻፈች፦ «ተማሪዋ ትጉ ናት። እንግሊዝኛ ላይ ግን ትኩረት ታድርግ። ስልክ ታበዛለች።»

መምህሩ አንብቦ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ እናትየው ግን ቤት ገብታ የልጅቱን ካርድ አምጪ አለች፤ ሒሳብ 54።

«እኔ 61 ነኝ» አለቻት፤ ካርዱንም ሳትፈርም ይዛው ከረመች።