ከደረቁ ወንበር የታየች ቻይና

በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ እስያን የሚያቋርጥ ወጣት ሆንግ ኮንግ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚያድረው ቹንግኪንግ ማንሽንስ ነበር። በ1961 የተሠራው ይህ ሕንፃ ርካሽ ማደሪያዎች ታጭቀውበታል። በደረጃውና በመተላለፊያው የሚናፈሰው ወሬም አንድ ነበር፦ ቻይና ለብቻው ለመጣ ሰው ቪዛ መስጠት ጀምራለች!

ወሬው ትልቅ ወሬ ነው። እስከዚያ ድረስ ቻይናን የሚያይ የውጭ ሰው በአብዛኛው ወይ የመንግሥት እንግዳ ነው፣ ወይ ደግሞ በ1954 የተቋቋመው የቻይና ዓለም አቀፍ የጉዞ አገልግሎት በአስጎብኚ የሚመራው የቡድን አባል። የሚጎበኘው ፋብሪካ፣ የሚበላው ምሳ፣ የሚያነጋግረው ገበሬ ሁሉ አስቀድሞ ተመርጧል። በዴንግ ሺያኦፒንግ መሪነት በ1978 መጨረሻ የተጀመረው የተሐድሶና በር የመክፈት ፖሊሲ ግን የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ነበር። ቱሪስት ደግሞ ምንዛሪ ነው። በሩ ቀስ በቀስ ተከፈተና፣ አስጎብኚም መርሐ ግብርም የሌለው መንገደኛ ሻንጣውን አዝሎ ገባ።

የገባውን ሰው መጀመሪያ የሚያደናግረው ገንዘቡ ነበር። ከኤፕሪል 1980 ጀምሮ መንግሥት ከውጭ ለሚመጡ ሰዎች የሚሆን ልዩ የምንዛሪ ሰርተፊኬት አወጣ። ዶላሩን ባንክ ውስጥ የመነዘረ እንግዳ የሚሰጠው በቻይንኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈበትና የአገሪቱ ውብ መልክዓ ምድር የታተመበት ይህ ወረቀት ነው። የአገሬው ሰው የሚገበያይበት አንድ ዩዋን ላይ ግን ትራክተር የምትነዳ ሴት ተሥላለች። በሕግ የሁለቱ ዋጋ እኩል ነው፤ በመንገድ ላይ ግን እኩል አልነበረም። ከውጭ የመጣ ዕቃ የሚሸጡት የወዳጅነት መደብሮች ሰርተፊኬቱን ስለሚጠይቁ፣ ሰዉ ለእሱ ተጨማሪ ከፍሎ ለመውሰድ ዝግጁ ነበር። ስለዚህ እንግዳው ከሆቴሉ በር ሳይርቅ መንዛሪዎች ይከቡታል።

ዋጋውም ሁለት ነበር። የውጭ ሰው በባቡር፣ በሆቴልና በሙዚየም መግቢያ ከአገሬው የበለጠ ይከፍላል። ባቡር ጣቢያ ረጅም ሰልፍ ጠብቆ መስኮቱ ጋ ሲደርስ የሚሰማው መልስ «የለም» ነው፤ ወይም ለውጭ ሰዎች ወደተለየው መስኮት ይላካል። ሁሉም ሆቴል የውጭ ሰው አይቀበልም፤ የሚቀበሉት የተፈቀደላቸው ብቻ ናቸው። ሁሉም ከተማም ክፍት አይደለም። ወዳልተከፈተ ቦታ ለመሄድ ከሕዝብ ደኅንነት ቢሮ የጉዞ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። በዚያ ዘመን ከቻይና የወጣ መንገደኛ በምሬት ቢያወራ፣ ምሬቱ በአብዛኛው የሚጀምረው ከእነዚህ መስኮቶች ነው።

ያው ሰው ግን ባቡሩ ውስጥ ሲገባ ሌላ አገር ያገኛል። የቻይና ባቡር «ደረቅ ወንበር»፣ «ደረቅ አልጋ»፣ «ለስላሳ ወንበር» እና «ለስላሳ አልጋ» በሚባሉ ማዕረጎች የተከፈለ ነው። ቱሪስት ለስላሳው ላይ እንዲሳፈር ይጠበቃል፤ ገንዘቡን የሚቆጥበው ባለ ቦርሳ ግን ደረቁን ይመርጣል። በደረቅ ወንበር ፉርጎ ውስጥ ሰው ከመቀመጫው አልፎ መተላለፊያው ላይ ይቆማል፤ ጥቅል ላይ ይቀመጣል። አየሩ የሲጋራ ጭስ ነው፤ ወለሉ በሱፍ አበባ ፍሬ ቅርፊት ይሸፈናል፤ ምራቅ የሚተፋውም ብዙ ነው። በየፉርጎው ጫፍ በከሰል የሚፈላ ውኃ አለ፤ ተሳፋሪው ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ የሻይ ቅጠል ጨምሮ ያን ውኃ እየደጋገመ ይሞላበታል። እንግዳው ብርጭቆ ከሌለው ጎረቤቱ ያካፍለዋል፤ ብርቱካንም ይልጥለታል። ዕድሜው፣ ደሞዙ፣ ማግባት አለማግባቱ ሁሉ ይጠየቃል። ዳቶንግ ከተማ ያለው ፋብሪካ እስከ 1988 ድረስ ለዋና መስመር የእንፋሎት ባቡር ይሠራ ስለነበር፣ መስኮት ከፍቶ የተጓዘ ሰው ፊቱ ጥላሸት ለብሶ ይወርዳል።

የተደበላለቀው ስሜት ምንጩ ይኸው ነው። ደንቡ እንግዳውን ከሕዝቡ ለመለየት የተሠራ ነበር፤ ርካሹ ፉርጎ ግን ቀላቀለው።

ይህን ከሁሉ አብልጦ ያሳየው ሕንዳዊው ጸሐፊ ቪክራም ሴት ነው። በናንጂንግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በ1981 ክረምት ከሰሜን ምዕራቧ ሺንጂያንግ ተነሥቶ የጭነት መኪና ሾፌሮች እንዲያሳፍሩት እየለመነ የቲቤት ከተማ ላሳ ደረሰ፤ ከዚያም በኔፓል አድርጎ አገሩ ገባ። በሺንጂያንግ ባለችው ቱርፋን ከተማ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት ምሽት ራጅ ካፑር ከሠራው «አዋራ» ከተባለው የ1951 ፊልም አንድ ዘፈን ዘፈነላቸው። ፊልሙ ቻይና ውስጥ እጅግ የተወደደ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሲጠይቅ ላሳ የሚል ፈቃድ በጉዞ ወረቀቱ ላይ ተጨመረለት። በ1983 ባሳተመው «ከሰማይ ሐይቅ» በተሰኘው መጽሐፉ የቢሮክራሲውን አታካችነትም የሰዉን ደግነትም ሳያድበሰብስ ጽፏል።

በ1984 አላን ሳማጋልስኪና ማይክል ባክሊ ለጉዞ መጻሕፍት አሳታሚው ለሎንሊ ፕላኔት ያዘጋጁት የቻይና መመሪያ መጽሐፍ ወጣ። ከዚያ በኋላ መንገዱ የታወቀ ሆነ። በጓንግሺ ያለችው ያንግሹዎና በዩናን ያለችው ዳሊ የሙዝ ፓንኬክ የሚጠብሱ ትንንሽ ቡና ቤቶች አበቀሉ። በሜይ 1986 የካራኮረም አውራ ጎዳና ለውጭ መንገደኞች ሲከፈት፣ በሺንጂያንግ ካለችው ካሽጋር ተነሥቶ 4,693 ሜትር ከፍታ ያለውን የኩንጄራብ መተላለፊያ አቋርጦ ፓኪስታን መግባት ተቻለ። የቲቤት በር ግን አልጸናም። በማርች 1989 ላሳ ላይ ወታደራዊ ሕግ ታወጀ፤ ለብቻ የሚጓዝ የውጭ ሰው ዛሬም በነፃነት አይገባባትም።

የምንዛሪ ሰርተፊኬቱን ማውጣት በ1994 ቆመ፤ ድርብ ዋጋውም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ቀረ። ከቤይጂንግ ሻንጋይ ያለውን 1,318 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ፈጣን ባቡር በ2011 ሥራ ሲጀምር፣ ሌሊት የሚያሳድረው ጉዞ የጥቂት ሰዓት መንገድ ሆነ። ሆኖም እንግዳውን የሚያግደው ገንዘብ መልኩን ለውጦ ተመልሷል። አሁን ቻይና ውስጥ የጎዳና ሻጩም ቢሆን ክፍያ የሚቀበለው በስልክ ነው። አሊፔይና ዊቻት የተባሉት የክፍያ መተግበሪያዎች የውጭ አገር ካርድ መቀበል ቢጀምሩም፣ ሳይዘጋጅ የደረሰ መንገደኛ በኪሱ ገንዘብ ይዞ ይቸገራል። ጎግልና ዋትስአፕም በአገሩ ኢንተርኔት በቀጥታ አይሠሩለትም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር የጀመረው በ1973 ነው። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ የሚያውቃት ቻይና የጓንግዡ ገበያና ሆቴል ናት። ዕቃውን ጭኖ ከመመለሱ በፊት ጥቂት ቀን የተረፈው ሰው የክፍያውን መተግበሪያ አስቀድሞ ስልኩ ላይ ይጫን፤ ከዚያም ከፈጣኑ ባቡር ይልቅ ዛሬም በየገጠሩ እየቆመ የሚሄደውን አረንጓዴውን ዘገምተኛ ባቡር ይሳፈር። ቲኬቱ ርካሽ ነው፤ ደረቁ ወንበርም አሁንም አለ።