ወረቀቱ የለካው እንጨት፦ ስለ ጃፓን ሾጂና ስለ ኩሚኮ ጌጥ

የጃፓን ባህላዊ ቤት ሲነሣ ሾጂ፣ ማለትም ወረቀት የተለጠፈበት ተንሸራታች የእንጨት መዝጊያ፣ በብርሃኑ ይወደሳል። ውዳሴው ይገባዋል፤ የወረቀቱ ጭረቶች የፀሐይን ጨረር በየአቅጣጫው ስለሚበትኑት ክፍሉ ዓይን በማይወጋ ብርሃን ይሞላል። ሆኖም ውዳሴው አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያስረሳል። የእንጨቱ ፍርግርግ ስፋት በምን ተወሰነ? በወረቀቱ ነው ብዬ እከራከራለሁ። በኩሚኮ ስም የሚታወቀው የስንጥር ጌጥም በቅጡ የሚገባን ከዚህ ልክ ስንነሣ ነው።

ብርሃን አሳላፊው ሾጂ የተስፋፋው ከሄያን ዘመን መገባደጃ፣ እ.ኤ.አ. ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። በቀድሞው ሾጉን (የጦር ገዥ) በአሺካጋ ዮሺማሳ ትእዛዝ በኪዮቶ፣ ዛሬ ጊንካኩጂ በሚባለው ስፍራ፣ በ1486 የተሠራው ቶጉዶ ይህን አሠራር በትንሽ ክፍል ውስጥ ያሳያል። የክፍሉ ወለል አራት ተኩል ታታሚ (የወለል ምንጣፍ) ብቻ ነው፤ ከግድግዳው ጋር የተያያዘው የንባብ ጠረጴዛ ብርሃን የሚያገኘው ከፊቱ ካለው ሾጂ ነው። እዚህ መዝጊያው ለንባብ ያገለግላል፤ ወረቀቱም የመብራት ሥራ ይሠራል።

ወረቀቱ ዋሺ ይባላል። በዋናነት የሚሠራው ከሾላና ከዋርካ ጋር በአንድ የእጽዋት ቤተሰብ ከሚመደበው ከኮዞ ነው። ቅርንጫፉ በእንፋሎት ይበስላል፣ ይላጣል፤ የውስጥ ልጡ በአልካሊ ውኃ ተቀቅሎ እድፉ በእጅ ይለቀማል፣ ይቀጠቀጣል። ከዚያ ጭረቶቹ በውኃ ይበተናሉ፤ ቶሮሮአኦይ ከተባለ ተክል ሥር የሚወጣ ልጋግም ይጨመርና ድብልቁ በወንፊት ይቀዳል። ልጋጉ ውኃው ከወንፊቱ ቶሎ እንዳይወርድ ስለሚያዘገየው ጭረቶቹ እኩል ለመሰራጨት ጊዜ ያገኛሉ። በጊፉ አውራጃ በሚኖ የሚሠራው ሆንሚኖሺ በሾጂ ወረቀትነቱ የተመሰገነው ወንፊቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ሳይወሰን ወደ ጎንም ስለሚወዛወዝ ነው፤ ብርሃን ሲመታው ደመና የመሰለ ወፍራምና ቀጭን ቦታ አይታይበትም።

ወንፊቱን የሚያወዛውዘው የሰው ክንድ ስለሆነ የአንዱ ቅጠል ስፋት ወሰን አለው። ለሾጂ የተለመዱት ሁለት ስፋቶች ወደ 28 እና ወደ 25 ሴንቲሜትር የሚጠጉ ናቸው፤ አንደኛው የሚኖ፣ ሌላው የሃንሺ ልክ ይባላል። አናጺው አግዳሚ ዘንጎቹን የሚያስቀምጠው የሁለት ቅጠሎች መጋጠሚያ ዘንግ ላይ እንዲያርፍ አስልቶ ነው። ልጠፋው ከታች ይጀመራል፤ እያንዳንዱ ቅጠል የበታቹን በጥቂቱ ስለሚደርብ ጠርዙ ወደ ታች ይመለከታል፣ አቧራም አይዘውም። ሙጫው የሩዝ ወይም የስንዴ ስታርች ነው። ውኃ ሲነካው ስለሚለቅ፣ በዓመቱ መጨረሻ ቤት ሲጸዳ አሮጌው ወረቀት እንጨቱን ሳይጎዳ ተነሥቶ አዲስ ይለጠፋል። ለዚህ ሲባል መዝጊያው ከቦታው በቀላሉ ይወጣል፤ የላይኛው ቦይ ከታችኛው ጠለቅ ያለ ስለሆነ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ከሥር ማውጣት ነው።

እንጨቱ በአብዛኛው ሂኖኪ ወይም ሱጊ ነው፤ ሁለቱም ከእኛ ጥድ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባሉ። ቀጥ ብለው ስለሚያድጉ ቀጭን ስንጥር ሆነውም አይጣመሙም። ዘንጎቹ በሚገናኙበት ሁሉ ግማሽ ውፍረታቸው ተፈልፍሎ እርስ በርስ ይነክሳሉ፤ ሚስማር የለም።

ኩሚኮ የሚነሣው ከዚሁ መንከስ ነው። እጅግ የታወቀውን አሳኖሃን፣ የሄምፕ ቅጠል ንድፉን፣ እንውሰድ። ሄምፕ ፈጥኖና ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ንድፉ በሕፃናት ልብስ ላይም ይታተም ነበር። በካሬ ፍርግርግ ሲሠራ እያንዳንዱ ካሬ በሰያፍ ስንጥር ለሁለት ሦስት ማዕዘን ይከፈላል። በየሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ሦስት ክንዶች ከየማዕዘኑ ተነሥተው አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ነጥቡ ማዕዘኖቹን እኩል የሚከፍሉት መስመሮች የሚገናኙበት ነው፤ ስለዚህ የስንጥሮቹ ጫፎች በ22.5፣ በ45 እና በ67.5 ዲግሪ ይሳላሉ። ሁለቱ ክንዶች መካከሉ ላይ እስኪታጠፍ ድረስ ከተቆረጠ ከአንድ ስንጥር ይወጣሉ፤ ሦስተኛው አጭር ስንጥር ገብቶ ሁሉንም ይቆልፋል። ቁልፉ የሚይዘው በግፊት ነው። ጥቂት ከረዘመ ፍርግርጉን ያጣምማል፣ ጥቂት ካጠረ ይወድቃል፤ ስሕተቱም በየካሬው ስለሚደጋገም ይደመራል። ሦስት ዘንጎች በ60 ዲግሪ በሚሻገሩበት ንድፍ ደግሞ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሁለት ሦስተኛውን ያጣል፤ መካከለኛው ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሦስተኛ ይፈለፈላል። ሦስቱ ሲገጥሙ ውፍረታቸው የአንድ ዘንግ ያህል ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥንቃቄ ተራ የሾጂ ፍርግርግ ሠርቶ ያላደገ እጅ አይችለውም።

ንድፉ በብዛት የሰፈረው ከመዝጊያው በላይ ባለው የአየር ማስገቢያ፣ በራንማ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። በእኔ ግምት ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የወረቀቱ ልክ በማይገዛበት ቦታ ስንጥሩ ነጻ ወጣ። ዛሬ ነጻነቱ ርቆ ሄዷል። በፉኩኦካ አውራጃ የምትገኘው ኦካዋ የሠራችው ኩሚኮ በ2013 ጉዞ የጀመረውን የኪዩሹ የቅንጦት ባቡር ሰቨን ስታርስን አስጊጧል። ጌጡ ገበያ አግኝቷል፤ ደስ ይላል። የሚያሳስበኝ ተራው ሾጂ ነው። በአንድ ጊዜ መዝጊያውን ሙሉ የሚሸፍን የፋብሪካ ጥቅል ወረቀት ሲመጣ መጋጠሚያው ጠፋ፤ የዘንጎቹ ርቀትም ምክንያቱን አጥቶ ልማድ ብቻ ሆነ።

ዩኔስኮ ሆንሚኖሺን ጨምሮ ሦስት የዋሺ ዓይነቶችን በ2014፣ የመዝጊያ ሥራን ያካተቱ የእንጨት ሕንፃ ጥበቃ ሙያዎችን ደግሞ በ2020 መዝግቧል። ሁለቱ መዝገቦች ተነጣጥለው መነበብ የለባቸውም። አሮጌ ቤት የሚጠግን ባለሙያ የዘንጎቹን ርቀት አስቀድሞ ቢለካ መዝጊያው ለየትኛው ወረቀት እንደተሠራ ፍንጭ ያገኛል፤ ተደርቦ የተለጠፈ ወረቀት ምልክት እንጨቱ ላይ ቀርቶ ከሆነም መጋጠሚያው የት እንደነበር ያያል። ይህ ማስረጃ ለመላጊያ ወይም ለአዲስ ጥቅል ወረቀት ከመሰጠቱ በፊት በሥዕልና በልክ መያዝ አለበት።