የኤሌክትሪክ አውሮፕላን፤ ከልደታ ሲታይ

ልደታ አካባቢ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚባለው ስም እንዲሁ አልወጣም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከልደታ ሜዳ ተነሥቶ ነው። በ1955 ዓ.ም ቦይንግ 720 ጄቶች ሲመጡ ግን ሜዳው ጠበባቸው፤ በረራው ወደ ቦሌ ዞረ። ጩኸቱና ጭሱም አብሮ ሄደ። ዛሬ በሌላው ዓለም የሚሞከረው የኤሌክትሪክ አውሮፕላን እነዚህን ሁለቱን ለመቀነስ የታሰበ ነው።

ለመሆኑ ምንድን ነው? በነዳጅ ፋንታ ባትሪ ተሸክሞ፣ በኤሌክትሪክ ሞተር ፕሮፔለር የሚያሽከረክር አውሮፕላን ነው። ሲበር ጭስ አያወጣም። ድምፁ ጨርሶ ባይጠፋም (ፕሮፔለሩ አየሩን ሲቀዝፍ ይሰማልና) ከነዳጅ ሞተር በእጅጉ ዝቅ ይላል።

እስከዛሬ የተገኘው ውጤት ድብልቅ ነው። ባለሁለት መቀመጫው የፒፒስትሬል ኩባንያ «ቬሊስ ኤሌክትሮ» ሰኔ 2012 ዓ.ም ከአውሮፓ የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ ማረጋገጫ አግኝቷል፤ የሚቆየው ግን አንድ ሰዓት እንኳ በማይሞላ በረራ ነው። «አሊስ» የተባለው ትልቁ አውሮፕላን መስከረም 2015 ዓ.ም አሜሪካ ውስጥ ለስምንት ደቂቃ በረረ፤ በ2017 ዓ.ም ሥራው ቆመ። የናሳው «ኤክስ-57» ደግሞ ሳይበር በ2015 ዓ.ም ተዘጋ።

ችግሩ ባትሪው ነው። አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ሲይዝ፣ አንድ ኪሎ ባትሪ የሚይዘው ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ነዳጅ እየተቃጠለ አውሮፕላኑን ያቀልለዋል፤ ባትሪ ግን እንደከበደ ያርፋል።

ለእኛስ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ በመሆኑ ተራ የፒስተን ሞተር ከጉልበቱ አምስት አንድ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ይህ አይነካውም፤ ክንፉና ፕሮፔለሩ ግን አሁንም አየር ይሻሉ። ኤሌክትሪኩ ደግሞ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ፣ የራሳችን ነው።

ጥር 2016 ዓ.ም ሁለት ነገር አሳየን። በ1928 ዓ.ም ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ውስጥ የሠራት፣ ጣሊያን የወሰዳት «ፀሐይ» አውሮፕላን ተመለሰች። በዚያው ወር መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ተሰማ።

መኪናን በአንድ ውሳኔ መለወጥ ይቻል ይሆናል፤ አውሮፕላን ግን እንዲያ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1937 ዓ.ም ከፈረሙት አገሮች አንዷ የሆነችበት የቺካጎ ስምምነት፣ ድንበር የሚሻገር አውሮፕላን ሁሉ የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀት እንዲይዝ ያዝዛል። ሕጉ የሚጠይቀው ባትሪው እሳት ቢይዝ ምን ይደረጋል የሚለውን እንጂ ኃይሉ የሀገር ምርት መሆኑን አይደለም።

ስለዚህ መነሻችን የመንገደኛ አውሮፕላን ሊሆን አይገባም። ተማሪ አብራሪ ሜዳውን እየዞረ የሚነሣበትና የሚያርፍበት አጭር ልምምድ ለዛሬው ባትሪ ይስማማል። በደጋ ከፍታ በጥንቃቄ ተሞክሮ የሚመዘገብ ውጤት ለአምራቾቹም ያስፈልጋቸዋል። «ፀሐይ»ን በሙዚየም ማየት ያኮራል፤ ሥራዋን መቀጠል ግን ከዚያ ይበልጣል።