«ተገጣሚ» እያለ «ድኅረ ገበያ» ለምን?

በየስልኩ የሚዘዋወሩ የመኪና ዕቃ ማስታወቂያዎች አንድ እንግዳ ሐረግ ይዘውብን መጥተዋል፦ «ከገበያ በኋላ የመኪና ስቴሪዮ»። የማሽን ትርጉም የወለደው ሐረግ ነው። ቋንቋ እናሳምራለን የሚሉት ደግሞ ግዕዝ አልብሰው «ድኅረ ገበያ ስቴሪዮ» አድርገውታል። ዕቃው ለማንም አዲስ አይደለም። በጊንጪም ሆነ በአምቦ፣ በጉደርም ሆነ በጌዶ መኪና የያዘ ሰው ያውቀዋል፤ ከመኪናው ጋር የመጣው ቴፕ ተፈትቶ ይወጣና በቦታው ሌላ ኩባንያ የሠራው ይገባል። እንግሊዝኛው እንዲህ ያለውን ዕቃ «አፍተርማርኬት» ይለዋል፤ መኪናው ተሽጦ ባለቤት ካገኘ በኋላ የሚገዛ፣ የመኪናው ፋብሪካ በስሙ ያላወጣው ዕቃ ማለቱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የከበደው ስሙ ነው፤ ያከበድነውም እኛው ነን።

«ከገበያ በኋላ» በእርግጥ አማርኛ ነው፤ የሚናገረው ግን ሌላ ነገር ነው። ከወንጪ ሐይቅ ዙሪያ ወደ አምቦ ወይም ወደ ወሊሶ የሚወርድ ገበሬ ገበያ ሲል ቀኑንም፣ ቦታውንም፣ የተሰበሰበውንም ሰው ማለቱ ነው። «ከገበያ በኋላ ጠብቀኝ» ያለው ሰው ሸጦ ለውጦ፣ ጨውና ሳሙናውን ቋጥሮ፣ ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲነሣ ይገናኛል። ሐረጉ የሰዓት ስም ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪውም ገበያን በተቀራራቢ ስም ስለሚጠራው ከዚህ የተለየ ነገር አይሰማም። አንድን ቴፕ በሰዓት ስም መጥራት ለሰሚው ምንም አያስጨብጠውም፤ ለመረዳት መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ማስታወስ አለበት። ክፉ ትርጉም የሚታወቀው በዚህ ነው። ቃሉ የእኛ ነው፤ መፍቻው ግን ሌላ አገር ነው ያለው።

«ድኅረ»ስ? ይህ የግዕዝ ቃል «በኋላ» ማለት ሲሆን ከ«ደኃሪ» እና ከ«ደኃራዊ» ጋር አንድ ቤት ነው። በአማርኛ ጥሩ ሥራ ሠርቶልናል፦ ድኅረ ምረቃ፣ ድኅረ ወሊድ፣ ድኅረ ጦርነት እንላለን። በሦስቱም ላይ «ድኅረ» የተቀመጠው ጀምሮ በሚያበቃ ነገር ፊት ነው። ምረቃ ያልቃል፤ እናት ትገላገላለች፤ ጦርነትም ይበርዳል። ገበያ ግን አያበቃም። ይባስ ብሎ ይህ «ድኅረ ገበያ» የተባለው ዕቃ ራሱ ገበያ መካከል ተደርድሮ የሚሸጥ ነው። እዚያው ገበያ ላይ ዋጋ የሚቆረጥለትን ነገር ከገበያ በኋላ ያለ ነው ማለት ሰሚን ግራ ማጋባት ነው።

ከዚህ ቀደም በዚሁ ቃል ተጎድተናል። «ድረ ገጽ» የሚለው ስም ሲወጣ ሥሩ ድር ነበር፤ ሸረሪት የምታደራው፣ ሸማኔ የሚዘረጋው ድር። የኢንተርኔትን መረብ በሚገባ የሚያሳይ፣ የአገር ሽታ ያለው ስም ነው። ብዙ ሰው ግን «ድኅረ ገጽ» እያለ መጻፍ ጀመረ፤ እስካሁንም በመሥሪያ ቤት ደብዳቤና በሱቅ ሰሌዳ ላይ እናነበዋለን። «ከገጽ በኋላ» ማለት ምን ማለት ነው? የጸሐፊው ጆሮ «ድኅረ»ን ዘመናዊ ለሚመስል ነገር ሁሉ እንደሚለጠፍ ማዕረግ ቆጥሮታል። «ድኅረ ገበያ»ም የዚህ ልማድ ልጅ ነው።

ዕቃውን ራሱን በአጭሩ እንየው። ከፋብሪካ የመጣን ቴፕ የሚያስቀይሩ ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ግን የእኛን አገር ሰው በተለይ ይነካል። በጃፓን የኤፍ ኤም ስርጭት ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ተወስኖ የቆየ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ እንደ ቪትዝ ያለ መኪና ሬዲዮውም ለዚያው ክልል የተሠራ ነው። የእኛ ጣቢያዎች ደግሞ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ናቸው። ስለዚህ ያ መኪና ምንም ያልተበላሸ ሬዲዮ ይዞ አንዱንም አይሰማም። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በወንጪ በኩል የሚያልፍ ሹፌር ሌላም ምክንያት አለው። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥታ መስመር ይወዳል፤ የወንጪ ተራራ ጠርዝ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ወደ ሐይቁ ሲወረድ ተራራው ከስርጭቱ ይጋርዳል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ፍላሽ የሚያነብና ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ቴፕ ነው።

አገጣጠሙም የራሱ ወግ አለው። ባለሙያው የክሩስኮቱን ሽፋን እንዳይሰበር በላስቲክ መፈልቀቂያ ያነሣል፣ ብሎኖቹን ይፈታል፣ ቴፑን ወደ ራሱ ስቦ ከጀርባው የሽቦውን ጥቅል ያወጣል። በአብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ቴፖች ላይ ቢጫው ሽቦ ከባትሪ ቀጥታ የሚመጣውንና የማይቋረጠውን ኃይል ይቀበላል፤ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣውን፤ ጥቁሩ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰራል። ነጩ፣ ግራጫው፣ አረንጓዴውና ሐምራዊው ወደ አራቱ ስፒከሮች ይሄዳሉ። ቢጫው በቁልፍ ከሚቋረጠው ኃይል ጋር ከታሰረ ቴፑ ሞተር በጠፋ ቁጥር የያዛቸውን ጣቢያዎች ይረሳል፤ ቀዩ ከማይቋረጠው ጋር ከታሰረ ደግሞ ቴፑ ሌሊቱን ባትሪ ሲጠጣ ያድራል። የመግቢያው ቀዳዳም መለኪያ አለው። የጀርመን የደረጃዎች ተቋም (ዲን) ባወጣው ልክ ነጠላ ዲን የሚባለው ፊቱ 180 በ50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ድርብ ዲን 180 በ100 ነው። ብዙ ቶዮታዎች ግን 200 በ100 የሆነ ሰፋ ያለ ቀዳዳ አላቸው፤ ስለዚህ ድርብ ዲን ሲገባባቸው ግራና ቀኙን የሚሞላ ክፈፍ ይፈልጋሉ።

ወደ ስሙ እንመለስ። ከገበያው አፍ ሊመረጡ የሚችሉ ቃላት አሉ፤ አንድ በአንድ እንመዝናቸው።

«ኮፒ» የሚለው ቃል በዕቃ መሸጫዎች ዘንድ ይሰማል። ነገር ግን ኮፒ ማለት የሌላውን ስም ለጥፎ የሚሸጥ ማለት ነው። ፓዮኒር ወይም ኬንውድ በገዛ ስሙ ያወጣው ቴፕ የማንም ኮፒ አይደለም። በዚህ ስም መጥራት ሐቀኛውን ሠሪ ከአጭበርባሪው ጋር መደባለቅ ነው፤ ገዢውንም ይጎዳል።

«መለዋወጫ» ሰፊና የተከበረ ቃል ነው፤ ይሁን እንጂ ያረጀውን ወይም የተሰበረውን የሚተካ ዕቃ ሁሉ መለዋወጫ ነው። የመኪናው ፋብሪካ ራሱ ያወጣውም መለዋወጫ ይባላል። ማን እንደሠራው አይለይም፤ ልዩነቱ ግን ያለው እዚያ ላይ ነው።

«ኋላ ገብ» የሚል ሐሳብም ይመጣል። አወቃቀሩ አማርኛ ነው። ችግሩ «ገብ» በጣልቃ ገብና በሰርጎ ገብ ላይ ክፉ ጠባይ ለምዷል፤ «ኋላ»ም ኋላ ቀርን ይጠራል። ሁለት የተከሰሱ ቃላትን አጋብቶ ንጹሕ ልጅ መጠበቅ አይቻልም። «መጤ»ን ደግሞ ጨርሶ አላነሣውም። በአገራችን፣ በምዕራብ ሸዋም ቢሆን፣ ይህ ቃል ሰው ያቆሰለ ቃል ነው፤ ለቴፕ ብሎ ወደ ገበያ ማውጣት አይገባም።

እኔ የምሟገትለት «ተገጣሚ» ነው፦ ተገጣሚ ቴፕ፣ ተገጣሚ ስክሪን፣ ተገጣሚ ካሜራ፣ ተገጣሚ ቸርኬ። ፋብሪካው የሰጠውን ደግሞ «ነባር» እንበለው፤ ነባር ቴፕ፣ ነባር ስፒከር።

ሥሩ «ገጠመ» ነው፤ አማርኛ ካሉት ሀብታም ግሦች አንዱ። ሁለት ነገር ክፍተት ሳይተው ሲገናኝ ገጠመ ይባላል፤ በሩ ግጥም አለ እንላለን። ቃል ከቃል፣ ቤት ከቤት ሲጋጠም ግጥም ይሆናል። ሁለት ቡድን ሲገናኝ ግጥሚያ ነው፤ በመንገድ የደረሰብንም ገጠመኝ ነው። ለቴፕ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ቀዳዳውን ሞልቶ ግጥም ካላለ ኮረኮንች ላይ ሲንቀጫቀጭ ይውላል። ቃሉ የዕቃውን መልካም ጠባይ አብሮ ይናገራል።

ቅርጹም የተፈተነ ነው። ተንቀሳቃሽ፣ ተቀጣጣይ፣ ተለጣፊ፣ ተገጣጣሚ ቤት፤ ከሁሉም በላይ ራሱ መኪናው፦ ተሽከርካሪ። ተሽከርካሪ ከ«ተሽከረከረ» መውጣቱን ማንም ይሰማዋል፤ ማብራሪያ አይጠይቅም። በአምቦ የምንሰማው ኦሮምኛም መኪናን «ኮንኮላታ» ሲል ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የመንከባለልን ግሥ ወስዶ ስም አወጣበት። ጎረቤታሞቹ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ መንገድ መርጠዋል፤ ዕቃው የሚያደርገውን አይተው ከገዛ ግሣቸው ስም ሰጡት። እንግሊዝኛው ምን እንዳለ አልጠየቁም። «ተገጣሚ» በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ነባሩም ቴፕ እኮ በፋብሪካ የተገጠመ ነው ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን የሰዉን አነጋገር ያዳምጡ። «ቴፕ አስገጠምኩ» የሚል ሰው መኪናው በእጁ ከገባ በኋላ ሌላ አምጥቶ እንዳስገባ ሁሉም ይረዳል። ስለ ነባሩ ሲጠየቅ «አብሮት የመጣ ነው» ይላል እንጂ «አስገጠምኩት» አይልም። «ማስገጠም» የባለቤቱ ሥራ ነው፤ ፋብሪካው አያስገጥምም። ስለዚህ እንግሊዝኛው በ«በኋላ» የገለጸውን የጊዜ ልዩነት አማርኛ በግሡ ውስጥ አስቀምጦታል። ተገጣሚ ማለት ባለቤቱ የሚያስገጥመው ነው። አዲስ ነገር አልፈጠርንም፤ ከሹፌሩና ከኤሌትሪሺያኑ አፍ ወስደን ቅርጽ ሰጠነው።

ሌላም መታረም ያለበት አለ። የማሽን ትርጉሞቹ ቴፑን ራሱን «የጭንቅላት ክፍል» ይሉታል። ይህ ለአማርኛ አንባቢ የሆስፒታል ስም ነው። ሕዝቡ ግን «ቴፕ» ብሎ ጨርሷል። ዛሬ ካሴት የማይበላ፣ ስክሪን ብቻ የሆነ ዕቃም «ባለ ስክሪን ቴፕ» ይባላል። ይህ ስሕተት አይደለም። የዘፈን «ሸክላ» ስንል አፈር አናስብም፤ ስሙ ዕቃውን ተሻግሮ ኖሯል። ሞቶሮላ የሚለው ስም ራሱ በ1930 እ.ኤ.አ. ለመኪና ሬዲዮ የወጣ ነው፤ ዛሬ ስልክ ላይ ይነበባል። ቴፕም የኛው ሆኗል፤ ይቆይ።

ይህን የምለው ውሰት ጠልቼ አይደለም። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ክሩስኮት ከጣልያንኛ ገብተው አማርኛን አላጎሳቆሉም። የውጭ መሆናቸውን አልደበቁም፤ በግልጽ መጡ፣ ሥራ ያዙ፣ ቤተሰብ ሆኑ። የሚያጎሳቁለው አማርኛ ለብሶ በእንግሊዝኛ የሚያስብ ቃል ነው። የአማርኛን የመፍጠር አቅም የሚጠራጠር ደግሞ «ቅጥቅጥ»ን ይመልከት። የጭነት አይሱዙ ላይ በአገር ውስጥ ብረት ተቀጥቅጦ የአውቶቡስ አካል ሲሠራለት፣ ስም ለማውጣት ማንም ኮሚቴ አልሰበሰበም። ቀጥቃጩ የሚያደርገው ታየ፤ ስሙ ወጣ፤ አገር ተቀበለው።

ጉዳዩ ከቃል ውበት ያልፋል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ወደ አገር የሚገቡ አውቶሞቢሎች ኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሆኑ ወስኗል። በእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ላይ ነባሩ ስክሪን ሙዚቃ ብቻ አያጫውትም፤ ማቀዝቀዣውንና የባትሪውን መረጃም ይይዛል። የቱ ነባር፣ የቱ ተገጣሚ መሆኑን በሽያጭ ውል፣ በዋስትና ወረቀትና በኢንሹራንስ ግምት ላይ በግልጽ መጻፍ ግድ ይሆናል። «ድኅረ ገበያ» ተብሎ በተጻፈ ውል ላይ ገዢና ሻጭ ቢካሰሱ፣ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠራው አስተርጓሚ ነው። «ተገጣሚ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ሻጩም፣ ገዢውም፣ ዳኛውም፣ ሽቦውን ያሰረው ባለሙያም አንድ ነገር ይረዳሉ። ማስታወቂያ የምትጽፉ፣ ዕቃ የምታስመጡ፣ መመሪያ የምትተረጉሙ ሁሉ፣ ቃሉ በእጃችሁ ነውና ተጠቀሙበት።