ጠማቂዋ እንዴት ሥዕል ሆነች

የሰው ልጅ ያዘጋጀውን ዕቃ ለመሸጥ ሲል የዕቃውን ጥሩነት ማወደሱ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ማስታወቂያ ስለ ዕቃው ብቻ ተናግሮ አያበቃም፤ ስለ ገዢው፥ ስለ ቤቱና ስለ ትዳሩም ጭምር ይናገራል። ስለዚህ ባለፈው ዘመን ሰዎች ስለ ሴትና ስለ ወንድ ምን ያስቡ እንደ ነበር ለመረዳት የሚፈልግ ሰው፥ ከሕግና ከታሪክ መጻሕፍት ሌላ፥ አሮጌ የመጠጥ ማስታወቂያዎችን ቢመለከት ብዙ ትምህርት ያገኛል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተውም የቢራ ማስታወቂያ፥ በተለይ በአሜሪካ፥ ሴትን እንዴት አድርጎ እንደሣላት ነው። ዘመናቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። መጠጥ መጥመቅ በብዙ አገር የሴት ሙያ ነበር። ሱመራውያን የጠመቃ አምላክ አድርገው ያመለኩት ኒንካሲ የተባለችውን ሴት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ባወጣው ሕግ ውስጥም፥ መጠጥ የምትሸጥ ሴት ስፍሯን አጉድላ ብትገኝ ወደ ውኃ እንድትጣል ተደንግጓል። ቅጣቱ እጅግ ከባድ ቢሆንም፥ በዚያ ዘመን መጠጥ ቤቱን የምትይዘው ሴት እንደ ነበረች ይመሰክራል። በእንግሊዝ አገርም እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ድረስ ለቤተሰብም ለገበያም የምትጠምቀው በአብዛኛው ሴት ነበረች።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው ሥራው ትርፍ በሚያስገኝበት ጊዜ ነው። እንደ እኛ ጌሾ መራራ የሆነው ሆፕ የተባለው ተክል በ15ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር እየተለመደ ሲሄድ፥ ቢራ ሳይበላሽ ብዙ ቀን መቆየትና ወደ ሩቅ ገበያ መጓዝ ቻለ። ነገር ግን ይህን ንግድ ለመያዝ ትልቅ ጋን፥ ብዙ ሠራተኛና ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ገንዘቡም፥ የማኅበሩ አባልነትም፥ የመበደር መብትም በአብዛኛው በወንዶች እጅ ስለ ነበረ፥ ሴቲቱ ቀስ በቀስ ከጋኑ ራቀች። ሙያው አላነሳትም፤ ያነሳት ካፒታል ነው።

ወደ አሜሪካ ስንመለስ፥ ከ1920 እስከ 1933 ዓ.ም. መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕገ መንግሥት ተከልክሎ ነበር። ክልከላው እንዲመጣ በ1874 ዓ.ም. የተመሠረተው የክርስቲያን ሴቶች ማኅበር ብዙ ታግሏል። በ1929 ዓ.ም. ፖሊን ሴቢን ያቋቋመችው ሌላ የሴቶች ማኅበር ደግሞ ክልከላው እንዲሻር ተሟግቷል። በሁለቱም ወገን ሴቶች የአገር ጉዳይ ሲመክሩና ሲከራከሩ እናያለን። ክልከላው ከተነሣ በኋላ በወጡት ማስታወቂያዎች ላይ የምናያት ሴት ግን ሌላ ናት።

ጠንካራ አልኮል የሚያወጡ ኩባንያዎች የሕዝብን ቁጣ በመፍራት እስከ 1958 ዓ.ም. ድረስ በማስታወቂያቸው ላይ የሴት ሥዕል እንዳይወጣ ራሳቸውን ከልክለው ነበር። የቢራ ጠማቂዎች ግን ሌላ መንገድ መረጡ። በ1935 ዓ.ም. ቢራ በቆርቆሮ መሸጥ ስለ ጀመረና ማቀዝቀዣም በየቤቱ ስለ ገባ፥ ቢራን ከመጠጥ ቤት አውጥተው ወደ ቤተሰብ ማዕድ ማስገባት ፈለጉ። ለቤት የሚያስፈልገውን የምትገዛው ሚስት ስለ ሆነች፥ እርስዋን ማባበል ግድ ሆነባቸው። ስለዚህም ፈገግ ብላ ለባልዋ ቢራ የምትቀዳ፥ ልብሷ ያማረ የቤት እመቤት በየመጽሔቱ ታየች። በ1952 ዓ.ም. ሽሊትዝ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ሥዕል እስካሁን ይነሣል። ሚስቲቱ ምግብ አርሮባት ስታለቅስ፥ ባልዋ ቢራውን ይዞ፥ ቢያንስ ይህ አላረረም በማለት ያጽናናታል። ሥዕሉ ለማሳቅ የተሣለ ነው፤ ነገር ግን የሴት ዋጋ በምድጃዋ፥ የወንድ ድርሻ ደግሞ ተቀምጦ በመጠጣት እንደሚለካ ለአንባቢው ያስተምር ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቤት እመቤቲቱ ቀርታ ወጣቲቱ መጣች። ለወንድ ጠጪ የቀረበው ተስፋ የተቀዳ ብርጭቆ መሆኑ ቀርቶ ራቁቷን ለመሆን ጥቂት የቀራት ልጃገረድ ሆነ። በ1991 ዓ.ም. የስትሮ ኩባንያ ኦልድ ሚልዋኪ ለተባለው ቢራው የዋና ልብስ የለበሱ ሴቶችን ከሰማይ የሚያወርድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አወጣ። በዚያው ዓመት በሚኒሶታ በሚገኘው ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች በሥራ ቦታ የሚደርስባቸውን የወንዶች ትንኮሳ በመቃወም ኩባንያውን ከሰሱ፤ ማስታወቂያው ለትንኮሳው መንፈስ እንደሰጠም ተከራከሩ። ኩባንያው ማስታወቂያውና ክሱ አይገናኙም ሲል መለሰ።

ይህ ክርክር ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ከሳሾቹ ቢራ የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ። በእጃቸው የሞሉት ጠርሙስ ወደ ገበያ ሲወጣ እነርሱን የሚያዋርድ ሥዕል ይዞ ይወጣ ነበር። ማስታወቂያ ከልማድ የተቀዳ መስተዋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ልማዱን መልሶ የሚቀርጽ ቅርጽ ማውጫም ነው። ጉዳቱም በሴት ብቻ አይወሰንም፤ ወንድነት በብርጭቆ ብዛት እንደሚመዘን የተማረ ወጣት ጤናውንና ትዳሩን ያጣል።

በቅርቡ መሻሻል ታይቷል። በመጋቢት 2019 ዓ.ም. በድዋይዘር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ያወጣቸውን ሥዕሎች አድሶ፥ ሴቲቱን ከአገልጋይነት አውጥቶ በጋዜጦች ላይ አሳተመ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በእንግሊዝ አገር ሴትንም ወንድንም በጎጂ አመለካከት የሚሥል ማስታወቂያ ተከለከለ። ሆኖም ሴት ራሷ ገዢ መሆኗ ከታወቀ በኋላ የመጣ አክብሮት ከኅሊና ይልቅ ከገበያ የተወለደ እንዳይሆን መጠርጠር ይገባል።

እኛስ? ‹‹ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ›› የሚል ምሳሌ ያለን ሕዝብ በሌላው ላይ ብቻ ጣት ልንቀስር አይገባንም። በአገራችን ብቅሉን አብቅላ፥ ጌሾውን ወቅጣ፥ አሻሮውን ቆልታ፥ ጥንስሱን ጠንስሳ ጠላ የምትጠምቀው ሴት ናት፤ በዚሁ ሙያ ልጆቿን አሳድጋ ያስተማረች እናትም ጥቂት አይደለችም። በ2011 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ፥ በአደባባይ ሰሌዳም እንዳይሰቀል ከልክሏል። አዋጁ የወጣው ጤናን ለመጠበቅ ነው። ሥዕሉን ከአደባባይ ማውረድ ለሕግ ይቻለዋል፤ ከአእምሮ ማውረድ ግን የመምህሩ፥ የወላጁና የእያንዳንዳችን ሥራ ነው። ወጣቶቻችን የጠማቂዋን ድካም ቢያውቁ፥ ሥዕሏን አይተው እርስዋን አይረሱም።