ለተሳላሚ የታተሙ የዕብራይስጥ መጻሕፍት፤ ከጣሊያን እስከ ቤተ እስራኤል

ዛሬ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው መንገዱን ስልኩ ላይ ያየዋል። የዛሬ 550 ዓመት ግን አንድ አይሁዳዊ ተሳላሚ የትኛው መቃብር የማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ የሚያውቀው ወይ ከሰው ሰምቶ ነው፣ ወይ በእጅ ከተገለበጠ ጽሑፍ አንብቦ። ይህን የቀየረው ኅትመት ነው። እንዴት? እነሆ በአጭሩ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኅትመቱ ሲጀመር

የታተመበት ቀን ከተጻፈባቸው የዕብራይስጥ መጻሕፍት ቀዳሚው በ1475 በደቡብ ጣሊያን፣ ሬጂዮ ካላብሪያ ከተማ ወጣ። ራሺ በሚል ስም የሚታወቁት ሊቅ በኦሪት ላይ የጻፉት ትርጓሜ ነው። በ1488 ደግሞ የሶንቺኖ ቤተሰብ ሙሉውን የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ አተመ። በቅድስት ሀገር ግን የዕብራይስጥ ማተሚያ ቤት የተከፈተው ገና በ1577፣ በገሊላዋ ሳፌድ ነው።

የመንገደኞቹ መጻሕፍት

የቱዴላው ቤንያሚን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከስፔን ተነስቶ እስከ ባግዳድ የተጓዘ ሰው ነው። በየከተማው ስንት አይሁድ እንዳለና የትኛው ቅዱስ የት እንደተቀበረ መዝግቧል። መጽሐፉ ቁስጥንጥንያ ላይ የታተመው በ1543 ነው። ልብ በሉ፣ ከ350 ዓመት በላይ በእጅ ሲገለበጥ ነው የኖረው!

ከዚያ ተሳላሚውን ራሱን የሚያግዙ ትንንሽ መጻሕፍት መጡ። በ1561 በጣሊያን ማንቱዋ የታተመው "ዪሁስ ሃጻዲቂም" አንዱ ነው። ሥራቸው ቀላል ነው፤ ቦታ በቦታ እየሄዱ እዚህ ማን እንደተቀበረ ይናገራሉ። ኬብሮን ላይ አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ፣ በቤተልሔም መንገድ ራሔል፣ ሜሮን ላይ ረቢ ስምዖን ባር ዮሃይ። አንዳንዶቹ የቦታዎቹን ሥዕልና እዚያ የሚደርሰውን ጸሎት ጭምር ይይዛሉ። መሄድ ያልቻለ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በዓይነ ሕሊናው ይሳለምባቸው ነበር።

እኛን የሚነካው

ቀድመው ከታተሙት አንዱ የኤልዳድ ሃዳኒ ታሪክ ነው። ማንቱዋ ላይ በ1480 አካባቢ ወጣ። ኤልዳድ የ9ኛው ክፍለ ዘመን መንገደኛ ሲሆን፣ ከኩሽ ወንዞች ማዶ ከሚኖር የዳን ነገድ ነኝ ይል ነበር። ብዙ ሊቃውንት የተናገረውን ይጠራጠራሉ። ወሬው ግን አልሞተም።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ የነበሩት ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ ከሐበሻ ምድር የመጡ አይሁድ የዳን ነገድ ናቸው ብለው ወሰኑ። በ1973 የእስራኤል ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ይህንኑ ውሳኔ ጠቅሰው የቤተ እስራኤልን አይሁዳዊነት አጸኑ። በ1975 መንግሥት የመመለስ ሕጉ እነሱንም እንደሚመለከት ተቀበለ።

እንግዲህ የመንገደኛ ወሬ ብለን የምናልፈው ነገር ተጽፎና ታትሞ ከቆየ፣ ከስንት መቶ ዓመት በኋላ የአንድን ሕዝብ ዕጣ በሚወስን ክርክር ውስጥ ሊገባ ይችላል።