ሳቅና ስደት፦ ከካምፓላ እስከ ሚሲሲፒ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1972 ኢዲ አሚን በኡጋንዳ የሚኖሩ እስያውያን በ90 ቀናት ውስጥ አገሪቱን ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። ከተባረሩት መካከል በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ምሁር ማህሙድ ማምዳኒ ይገኙበታል። ሕንዳዊቷ የፊልም ዳይሬክተር ሚራ ናይር በዚሁ ስደት ላይ ለሚሠሩት ፊልም ጥናት ሲያካሂዱ ከማምዳኒ ጋር ተዋወቁ፤ ኋላም ተጋቡ። ፊልሙ "ሚሲሲፒ ማሳላ" በ1991 ለእይታ በቃ።

የታሪኩ ባለቤት ጄይ የካምፓላ ጠበቃ ነው። ከእስር ያስፈታው አብሮ አደጉ ኦኬሎ፣ አፍሪካ የጥቁሮች ብቻ መሆኗን ሲነግረው ልቡ ቆሰለ፤ ሳይሰናበተውም ተሰደደ። ሚሲሲፒ ውስጥ ያለው ኑሮ ግን ሳቅ አያጣም፤ የዘመድ ሠርግ አለ፣ የሞቴል ሐሜት አለ፣ ልጁ ሚና ከምንጣፍ አጣቢው ዲሜትሪየስ ጋር የተዋወቀችበት የመኪና ግጭትም አለ። ሳቁ ሐዘን ማስረሻ አይደለም። ተመልካቹ ሰዎቹን በድክመታቸው እየሳቀ ይወዳቸዋል፤ ያው ድክመት መልሶ ሲጎዳቸው ደግሞ ያዝናል። በዘሩ ምክንያት የተባረረው ጄይ ራሱ፣ ልጁ ጥቁር አሜሪካዊ በመውደዷ ይቃወማታል።

ጄይ ንብረቱን ለማስመለስ ካምፓላ ሲመጣ ኦኬሎ ቀድሞ መገደሉን ይሰማል። የሚሟገትበት ንብረት አለ፤ የሚታረቀው ወዳጅ ግን የለም። ሙግቱንም ይተወዋል። አገሩን ጥሎ ለወጣ ተመልካች የፊልሙ ቁም ነገር ይኸው ነው፦ ንብረት በፍርድ ቤት ሊመለስ ይችላል፤ ሳይሰናበቱት የተለዩት ወዳጅ ግን በፍርድ አይመለስም።